የኮልድብሩክ ሰብሳቢ

ቬልማ ትሪፕ በኮልድብሩክ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ አንድም ቀን ሹመት ተመኝታ አታውቅም። የከተማው ስብሰባ ሰብሳቢ ለመሆን የተነሳችው በጭቃ ምክንያት ነው።

የኮልድብሩክ ሰው በዓመት አንድ ቀን፣ የቨርሞንት በረዶ ሊቀልጥ ሲል፣ አዳራሽ ገብቶ የከተማውን ጉዳይ እጁን እያወጣ ይወስናል። አምና ግን ሪፐብሊካኖቹ ፕሬዚዳንቱን የሚያወድስ፣ ዲሞክራቶቹ ደግሞ የሚያወግዝ የአቋም መግለጫ ይዘው መጡና ነገሩ ከረረ። ወንበር ተገለበጠ። ስብሰባውን ሃያ ሁለት ዓመት የመሩት ሽማግሌ የሰብሳቢነት መዶሻቸውን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። የመንገድ ጥገናው አሥራ አንደኛ ተራ ላይ ስለነበር ማንም ሳይደርስበት ስብሰባው ተበተነ። በሚያዝያ የቬልማ አውቶቡስ አሥራ ዘጠኝ ሕፃናት እንደጫነ የወፍጮው መንገድ በሚባለው ላይ ጭቃ ዋጠው። እስኪወጣ ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ልጆቹን ስታዘፍን ቆየች፤ የምታውቀው ዘፈን ሁሉ አለቀባት። ያን ዕለት ድምፅዋ ተዘግቶ ቤት ገባችና ለባሏ ለሮስኮ፣ የሚቀጥለውን ስብሰባ እሷ ራሷ እንደምትመራ በሹክሹክታ ነገረችው። ሮስኮ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ዓመቱ ዞሮ ስብሰባው ሲቃረብ የሁለቱን ወገን መሪዎች ልታነጋግር ሄደች። ሁለቱም ልጅ ሳሉ በእሷ አውቶቡስ የተመላለሱ ናቸው። የሪፐብሊካኖቹ አውራ ዌድ ለፍኪን አሁን ላም አርቢ ሆኗል። የዲሞክራቶቹ ኮሪን አሽቤል በየቤቱ እየዞረች በሽተኛ የምትጠይቅ ነርስ ናት። ቬልማ የለመነችው አንድ ነገር ነው፤ መግለጫዎቹ ይቆዩና መንገዱ ይቅደም። ሰብሳቢ ራሱ ሐሳብ ማቅረብ ስለማይችል ከተሰብሳቢው አንዱ መጠየቅ ነበረበት። ዌድ እምቢ አለ። መንገዱ ከተወሰነ የእሱ ሰዎች ወደ ላሞቻቸው ይሄዳሉ፣ ያኔ የነኮሪን መግለጫ ይጸድቃል ብሎ ፈራ። ኮሪንም ያንኑ ፍርሃት ገልብጣ ነገረቻት፤ የእሷ ሰዎች ደግሞ ሥራ የሚገቡ ናቸው።

ዌድ ከበረቱ ደጃፍ ሲሸኛት፣ «ለመሆኑ ሚስስ ትሪፕ፣ እርስዎ የማን ወገን ነዎት?» አላት።

«እናንተንም መርጬ አውቃለሁ፣ እነሱንም መርጬ አውቃለሁ። ሁለታችሁም አቃጥላችሁኛል።»

«ይሄ ሁለት ባላ መትከል ነው።»

«ጭቃ ውስጥ ለቆመ ሰው ሁለት ባላም አይበዛበትም» አለችና መኪናዋን አስነሳች።

የስብሰባው ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሪፐብሊካኖቹ በቀኝ፣ ዲሞክራቶቹ በግራ ተቀምጠው መሐል ባለው መተላለፊያ እንደ ወንዝ ማዶ ለማዶ ይተያያሉ። ለሰብሳቢነት ሌላ የፈለገ ሰው ስላልነበረ ቬልማ ያለ ተቀናቃኝ ተመረጠች። መዶሻውን አነሳች።

ዌድ መግለጫውን ማንበብ ጀመረ። ገና ሳይጨርስ ኮሪን ተነሳች። እሱም ወረቀቱን እያውለበለበ ወደ መተላለፊያው ወጣ። ያኔ ቬልማ ሳታስበው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የለመደችው ቃል ከአፏ አመለጠ።

«ዌድ፣ አውቶቡሱ እየሄደ ነው። ተቀመጥ።»

ዌድ ተቀመጠ። ለምን እንደተቀመጠ እሱም አያውቅም። ከአዳራሹ ግማሹ ያንን ቃል በልጅነቱ ሰምቶታልና ሳቅ ከኋላ ወንበር ተነስቶ እስከ ፊት ደረሰ።

«አንቺም ኮሪን» አለች ቬልማ፣ ሳቁ ጋብ ሲል።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጩኸቱ ካቆመበት ቀጠለ፤ አንዱም ሌላው የሚለውን አይሰማም። ቬልማ ሰዓቷን አየች። ገና ረፋድ ነው። ለዕረፍት መበተን ግን የሰብሳቢ ሥልጣን ስለሆነ መዶሻዋን አሳርፋ ምሳ ነው አለች። ለተሰብሳቢው ምሳ የሚያበስሉት ወጥ ቤት ያሉ ሴቶች ብቅ ብለው ባቄላው አለመብሰሉን፣ ዳቦው አለመቆረጡን፣ ጠረጴዛውም አለመዘርጋቱን በቁጣ አስታወቁ።

«እንግዲያው ለመጮህ ጉልበት ያለው ሁሉ ይርዳ» አለች።

ረዱ። መቼም ከባለወጥ ቤቶቹ ጋር የሚከራከር ወገን አልነበረም። ማን ከማን አጠገብ እንደቆመ ሳይመረጥ ጠረጴዛ ተሸከሙ፣ ድንች ላጡ። ዌድ ዳቦ ቆራጭ ሆነ፤ ቅቤ ቀቢዋ ኮሪን ሆና ተገኘች። ቬልማ ከጎናቸው ካሮት እየላጠች ጆሮዋን ጣል አደረገች።

ኮሪን ቅቤውን እየቀባች፣ «አምና በሚያዝያ መኪናዬን ከጭቃ በትራክተር ስትጎትትልኝ አንድ ቃል አልተነፈስክም» አለችው።

«ምን እንድልሽ ነበር?»

«ደህና ዋልሽ ይባላል።»

ዌድ ቢላዋውን አቆመ። «ደህና ዋልሽ።»

«አሥራ አንድ ወር ዘገየህ» አለች፤ ግን ከንፈሯ ፈገግታውን መያዝ አቃተው።

ከዚያ ወሬያቸው ወደ መንገዱ ዞረ። ዌድ፣ አስፋልት ቢነጠፍ ውርጩ በሁለት ክረምት ይፈረካክሰዋል፣ የሚያዋጣው ጠጠርና የውኃ መውረጃ ቦይ ነው ባይ ነው። ኮሪን ቅቤውን አስቀመጠች። ይህንኑ ለራሷ ሰዎች ስትነግር መክረሟን፣ እነሱ ግን አስፋልት ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ማለታቸውን አጫወተችው። የዌድም ሰዎች ግማሾቹ አስፋልት ነው የሚሉት። ሁለቱ ተያዩ። ቬልማ ካሮቷ ላይ አቀረቀረች፤ ቀና ብትል የሚደነብሩ መሰላት።

ከምሳ በኋላ ኮሪን እጇን አውጥታ የመንገዱ ጉዳይ እንዲቀድም ጠየቀች። ዌድ ደገፈ። አዳራሹ አጉረመረመ፤ ሆኖም ሆዱ ሞልቶ ነበርና ተስማማ።

ከዚያ የመጣው ክርክር አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ፤ ቬልማም እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ማን የማን ወገን እንደሆነ ጠፋ። ከቀኝ በኩል አንድ ጠና ያሉ ገበሬ ተነስተው፣ ከግራ በኩል ያለውን ጺማም ወጣት እያመለከቱ «ይሄ ልጅ ያለው ልክ ነው» አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቷቸው ደንግጠው ተቀመጡ። የጠጠር ደጋፊ ለጠጠር ደጋፊ ሊያንሾካሹክ መተላለፊያውን ተሻገረ፤ መመለሱንም ረሳ። በመጨረሻ የቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ተጫዋች የሆነች ዝምተኛ ሴት ብድግ ብላ፣ ዳገቱ ብቻ አስፋልት ይሁን፣ ሌላው ጠጠርና ቦይ ይሁን አለች። ዌድና ኮሪን ዳገቱንም ለጠጠር ፈልገው ነበርና አብረው ተሸነፉ፤ ዘጠና አራት ለሠላሳ ስምንት። ዌድ፣ «አብረን ሆነን እንኳ እንዲህ ተሸነፍን፣ ለየብቻ ብንሆንማ» ሲላት ኮሪን ሳቀች።

ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ፓይ የሚሉት የፍራፍሬ ኬክ ገና አልቀረበም ነበር። መግለጫዎቹ በየተራ ተነበቡ። ሰዉ ተከራከረ፣ ጮኸም፤ ግን ሁሉም ተናግሮ ጨረሰ። የዌድ በአሥራ አራት ድምፅ ልዩነት፣ የኮሪን በአሥራ ሁለት ድምፅ ልዩነት ወደቀ።

ቬልማ እጅ ስትቆጥር አንድ ነገር አየች። አሥራ ሦስት ሰዎች ሁለቱንም መግለጫ ተቃውመዋል። ኦርጋን ተጫዋቿ አለች፣ ያ ጺማም ወጣት አለ፣ ላሞች ያላቸው ባልና ሚስትም አሉበት። አምና አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም፤ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የሆኑ መስሏቸው ነበር። አሁን እጃቸውን እንዳነሱ ዙሪያቸውን ይቃኛሉ፤ በባዕድ አገር ገበያ ላይ የአገሩን ሰው ድንገት እንዳየ ሰው ፊታቸው ይፈካል። ቬልማ ቁጥሩን ቶሎ መናገር ነበረባት፤ ግን ጥቂት እንዲተያዩ ብላ ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው።

ስብሰባው ሲያበቃ ወንበር እያጠፈች ሳለ ሮስኮ በሳህን ምግብ ይዞላት መጣ፤ ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ከመኪና ማቆሚያው የዌድና የኮሪን ድምፅ ይሰማል። ስለ ፕሬዚዳንቱ ነው።

«ተጣሉ እንዴ?» አለች።

ሮስኮ በመስኮት አየ። «አይ። ፓይ እየበሉ ነው የሚሟገቱት። እሷ ጣቷን ትቀስርበታለች፣ እሱ ሳህኗን ይዞላታል።»

ቬልማ ያላጠፈችው ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ባቄላው ቀዝቅዟል፣ ዳቦውም ደርቋል። ሳህኑን ጥርግ አድርጋ በላችና፣ ድስቱ ውስጥ የቀረ እንዳለ ባሏን ጠየቀችው።