ከራስ ሕይወት የመጣ ምሳሌ

"የኔ አይደለም በይ፤ በቃ!" ዘይባ የልጇን የባሂራን ክንድ ጨምድዳ ይዛ በሩ ላይ አቆመቻት።

"ስሜ እኮ ታትሞበታል፣ እማ።"

"እንግዲያው እንዲያው ለምሳሌ ብዬ ነው በይ። ምሳሌ ምን አለው?"

ውስጥ አጎቷ ሸምሶ፣ ሽማግሌው ሐጂ አሚኑና መምህር ዑመይር ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

ባሂራ ቡታጅራ ውስጥ ዑመይር በከፈተው ማስተማሪያ ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ስትማር አምስት ወር ሆኗታል። ስልቱ ቀላል ነው፤ ቃሉ፣ ፍቺው፣ ከሥሩ ምሳሌ። ምሳሌውን ከመዝገበ ቃላት የገለበጠ ዜሮ ያገኛል። "ከራሳችሁ ሕይወት አምጡ፤ በራስ ነገር የተማሩት ቃል አይረሳም" ይላል። የዋህ ናትና አመነችው። "ቢትሬይ" ለሚለው ቃል "ያመነህን ሰው መካድ" የሚል ፍቺ ሰጠች። ከሥሩ ደግሞ ባማረ እንግሊዝኛ፣ "አጎቴ ሸምሶ ሟች አባቴን ካደው፤ እንሴኖ ያለውን የበርበሬ መሬታችንን በስሙ አዞረው" ብላ ጻፈች። ደብተሩን የሚያየው መምህሩ ብቻ መስሏት ነበር። እሱ ግን ከየደብተሩ ምርጥ ምርጡን ለቅሞ፣ ስም እንኳ ሳይቀይር፣ በጥራዝ አባዝቶ ለክፍሉ በሙሉ አደለው። ሰው ያን ያህል ተምሮ እንዲህ አለማሰቡ ያናድዳል። የሸምሶ ልጅ አብዱልሃፊዝም እዚያው ክፍል ነው የሚማረው፤ ዛሬ ጠዋት አንድ በአንድ ለአባቱ ተረጎመለት።

እናትና ልጅ የሚኖሩት ሸምሶ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ሌላ መጠጊያ የላቸውም።

"አሰላሙ አለይኩም" ብለው ገቡ።

"ወአለይኩም ሰላም። ተቀመጪ ልጄ" አሉ ሐጂ አሚኑ፤ ጥራዙን አነሱ። "ይሄ ያንቺ ቃል ነው?"

ዑመይር ቀደማት። "ሐጂ፣ ለማስተማሪያ የተጻፈ ነው። እውነት መሆን የለበትም።" ይህን ሲል ባሂራን ቀና ብሎ አላያትም።

"ያበላኋት እኔ፣ ያስተማርኳት እኔ" አለ ሸምሶ። "ወንድሜ መሬቱን በገዛ እጁ ነው የሰጠኝ። ወይ በፊታችሁ ውሸት ነው ትበል፣ ወይ ሁለቱም ግቢዬን ይልቀቁልኝ።"

"በይ ልጄ፣ ወላሂ ውሸት ነው በይና እንገላገል" አሉ ሐጂ አሚኑ።

ባሂራ አፏን ከፈተች። መዋሸት ብቻ ቢሆን ለእናቷ ስትል ትዋሽ ነበር፤ መሐላውን ግን ፈራችው። አባቷ የመሬቱን ደብተር "እስክድን ያዝልኝ" ብሎ ለወንድሙ ሲሰጥ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዘይባም አብራት ነበረች።

"ወላሂ ውሸት ነው!"

የጮኸችው ዘይባ ናት። "ሰጥቶት ነው የሞተው፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። እሷ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች?"

ባሂራ ክው አለች። ገበያ ላይ እንኳ የአላህን ስም ለመጥራት የምትፈራ ሴት፣ ለአንዲት ክፍል ቤት ብላ በሐሰት ማለች። በሸምሶም በዑመይርም ጨሰች፤ ከሁሉም በላይ ግን በራሷ። አሁን እውነቱን ብትናገር የምትዋረደው እናቷ ናት።

ሐጂ አሚኑ ዘይባን ትኩር ብለው አዩዋት። የገባቸው ይመስላል፤ ግን እሳቸውም ነገሩ እንዲያልቅላቸው ፈልገዋል። "በሉ፣ ዱዓ እናድርግ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ለሟቹ ምሕረትን፣ ለሸምሶ በረካን ለመኑ። ሌሎቹ ሁሉ "አሚን" አሉ። የባሂራ እጆች ጭኗ ላይ ቀሩ፤ ሸምሶ ይህን አይቶ ዓይኑን ተከለባት። ሽማግሌውም ዱዓቸውን ገታ አድርገው ጠበቋት።

ዘይባ አንገቷን እንደደፋች ቀና አላለችም። ባሂራ መዳፎቿን ዘረጋች።

"አሚን" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ።