ስንጥቁ ያዘነበለበት

ደገፋ የቁፋሮው ማማ ሥር ሲደርስ፣ ቧንቧ የሚያክል መሣሪያ በሽቦ ገመድ ታስሮ ወደ ጉድጓዱ እየወረደ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በመሆኑ ዘበኛው አልከለከለውም። ሠራተኞቹ ግን ሲያዩት ወሬያቸውን አቆሙ።

የወረዳው ካድሬ ጓድ አስፋው ትናንት ዝዋይ አስጠርቶ፣ ጂኦሎጂስቷ አሰለፈች ከሰው ጋር የምታወራውን አዳምጦ እንዲነግረው አዝዞታል። ደገፋ የመጣው ግን ለራሱ ጉዳይ ነው። ባለፈው በጋ ሜትር የያዙ ሰዎች የማዶውን መንደር ለክተው ሄዱ፤ ብዙም ሳይቆይ ነዋሪው ቤቱን አፍርሶ አዲስ መንደር እንዲገባ ታዘዘ። አሁን ደግሞ በዚህ መሣሪያ ከመሬት በታች ፎቶ ይነሳል ተባለ።

አሰለፈች በኦሮምኛ ሰላም አለችው፤ ፊቷ ግን አልተፈታም። ፎቶው የድንጋዩ እንደሆነ፣ መብራት የሚያመነጨው እንፋሎት በየት እንደሚያልፍ እንደሚያሳይ ባጭሩ ነገረችው።

"ለማን ነው የምትሰጡት?"

"ለአለቆቼ። አባባ፣ ጓድ አስፋው ነው የላከዎት?"

መዋሸትም ማመንም ከበደው።

"ልኮኛል። የምጠይቅሽ ግን ለሱ ብዬ አይደለም። ቤታችን እዚያ ግራሮቹ ጋ ነው።"

ሠራተኞቹ ለምሳ እስኪሄዱ ጠበቀች። ከዚያ ከመኪናው ውስጥ የጉድጓዱ ግድግዳ ፎቶ የታተመበት ረጅም ወረቀት አወጣች። ጥቁር መስመር እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይልበታል። ወረቀቱን እንደ ቧንቧ ስትጠቀልለው፣ ማዕበሉ ባንድ ወገን ያዘነበለ ስንጥቅ ሆነ።

"ሙቁ ውሃ የሚመጣው በዚህ ስንጥቅ ነው። ቀጣዩ ጉድጓድ የሚቆፈረውም ስንጥቁ ወዳዘነበለበት ነው" አለች። ጥቅሉን ዞር አድርጋ ከጉድጓዱ አቅጣጫ ጋር አስተካከለችው። ስንጥቁ ያዘነበለው ወደ ግራሮቹ ነበር።

ደገፋ ዞሮ ግራሮቹን አየ።

"የምትነሱበት ትእዛዝ ገና አልወጣም። ከኔ እንደሰሙ ከታወቀ እታሰራለሁ። እህላችሁን ቶሎ ሰብስቡ።"

ወደ ዝዋይ በሚወስደው የጭነት መኪና ላይ ሆኖ ነገሩን አወጣ አወረደ። ለአንድ ገበሬ ይህን ያህል ምን አስነገራት? ከካድሬው ጋር ተማክረው ሊፈትኑት ቢሆንስ? ፈተና ከሆነ፣ ቢደብቅ የሚታሰረው እሱ ነው። እውነት ከሆነ ደግሞ፣ ቢናገር የምትታሰረው እሷ ናት።

አስፋው ወንበር እንኳ አላቀረበለትም።

"ምን አለች?"

"ስለ ሙቅ ውሃ ነው የምታወራው። ብዙም አልገባኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ የለም።"

ደገፋ ባርኔጣውን በእጁ እንደያዘ ወደ በሩ ሄደና ዞር አለ።

"ጓድ፣ የሰኞውን የማኅበር ስብሰባ ግን እናስተላልፈው" አለ። "በቆሎው ደርሷል፤ ገበሬው ይሰብስብ።"