የአሻግሬ ጺም

ሚኒባሱ ከደባርቅ ከተነሣ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ፍቅረ ሥላሴ ቦርሳውን ለሦስተኛ ጊዜ ከፈተ። ሁለቱም መላጫዎች እዚያው ናቸው። የት ይሄዳሉ? ጠዋት በፎጣ የጠቀለላቸው ራሱ ነው። አንደኛው ሠላሳ ዓመት እንጀራ የበላበት የብረት መላጫ ነው፤ ጭንቅላቱ ይፈታና አንድ ስስ ምላጭ ይገባበታል፣ ሲደንዝ እሱ ተጥሎ ሌላ ይተካል። ሁለተኛው ባለፈው ሳምንት ከጎንደር ያስመጣው ባለ አምስት ምላጭ ነው፤ እጀታው ሰማያዊ፣ አንገቱ ወዲያና ወዲህ የሚታጠፍ፣ ከምላጮቹ በላይ ደግሞ ውኃ ሲነካው የሚያሟልጭ ነገር የተለጠፈበት።

"አንተ ሰውዬ፣ አርፈህ ተቀመጥ እንጂ! እኔንም አስጨነቅከኝ" አለችው ሚስቱ ገበያነሽ።

"ተቀምጫለሁኮ።"

"እጅህ አልተቀመጠም።"

እውነቷን ነው። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ለብቻው ይንቀጠቀጣል። ነገሩ ከጀመረው ሦስት ወር ሆነው። መጀመሪያ ብርዱ ነው አለ፤ ደባርቅ ላይ ደግሞ ለሰበብ የሚሆን ብርድ ሞልቷል። ቀጥሎ ቡና ነው ብሎ ቡና ተወ። ከዚያ ሰበብ አለቀበት። ሐኪሙ የነርቭ ነገር ነው ብሎ ኪኒን ሲያዝለት እየዋጠ ዝም አለ፣ ለሰው አንድም ቃል አልተነፈሰም። ጺም ተላጪ ሲመጣበት ውኃ የለም፣ ምላጭ አልቋል፣ ዛሬ ፀጉር ብቻ ነው እያለ ይመልሳል። የምታውቀው ገበያነሽ ብቻ ናት፤ ሚስት ደግሞ ምን ይደበቃታል?

ዛሬ የሚጠብቀው ሰው ግን ውኃ የለም ተብሎ የሚመለስ አይደለም። አሻግሬ የልጅነት ጓደኛው ነው፤ ዳባት ላይ እህል ይነግዳል። ሚስቱ ዓለምዬ ካረፈች ዛሬ አርባዋ ነው። ከቀብሯ ቀን ጀምሮ ጺሙን አልነካም፣ መጋዘኑን አልከፈተም። በነሱ ወግ ሀዘንተኛ በራሱ እጅ ምላጭ አያነሣም፤ ራሱን ከላጨ ሀዘኑን ቸኩሎ ጣለው ይባላል። ዘመድ ተሰብስቦና ለምኖ ሌላ ሰው ነው የሚያስላጨው። አሻግሬ ደግሞ ልመናውንም አልሰማ ብሎ ዓመቱን እንዲሁ እቀመጣለሁ ሲል ከርሟል። ወንድሞቹ ስንት ቀን ወጥተው ወርደው ያገኙት መልስ አንድ ነው፤ "ፍቅረ ሥላሴ ከላጨኝ እሺ። ሌላ ሰው ግን ፊቴን አይነካትም።" ሰው ሲወድህ አንዳንዴ እንዲህ አድርጎ ጉድ ይሠራሃል።

"ለምን ቁርጡን አትነግረውም?" አለች ገበያነሽ ድምጿን ቀንሳ።

"ምን ብዬ? የጺም ላጪ እጅ ተንቀጠቀጠ ከተባለ ማን አንገቱን ይሰጠዋል?"

"እንግዲያው በሰማያዊው ላጨው። ያስመጣኸው ለዚህ አይደል?"

"ለዚህ ነው።" ወደ መስኮቱ ዞረ። "አይቆርጥም፣ አልክድም። እጅህ ቢንቀጠቀጥ አምስቱ ተደጋግፈው ስለሚቆሙ ቆዳ አይሰነጥቅም።"

"ታዲያ ምን ፊትህን አጠቆረው?"

"አምስት ጊዜ መፋቅ ነዋ! የፊተኛው ፀጉሩን ይስበዋል፣ የኋለኞቹ ከቆዳ በታች ገብተው ይቆርጡታል። የኛ ጺም ደግሞ ጥቅልል ነው። ሲያድግ መውጫ ያጣና እዚያው ቆዳ ውስጥ ይታጠፋል። ይኸው እይው!" ሻርፑን ገለጥ አደረገላት። ባለፈው ማክሰኞ በራሱ ላይ ሞክሮት አንገቱ ዙሪያውን አብጧል። "ብረቱ ከቆዳው እኩል ቆርጦ ያልፋል። ክብደቱ ነው ሥራውን የሚሠራው፤ ከላጪው የሚጠበቅ መያዝ ብቻ ነው።"

"መያዝ ብቻ" አለች ገበያነሽ።

ዳባት ደርሰው ወደ ተዝካሩ ድንኳን ሲገቡ ጸሎቱ አልቆ ሰው መብላት ጀምሯል። አሻግሬ ጥግ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ጺሙ ግማሹ ነጭ ሆኖ ጉሮሮውን ሸፍኖታል። ፍቅረ ሥላሴን ሲያይ ፊቱ ላይ አንድ ነገር በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጠፋ።

"መጣህልኝ?"

"እንዴት እቀራለሁ!"

"ቶሎ አድርገውና እንገላገል። ሐሳቤን ሳልለውጥ።"

ወንበር ከድንኳኑ በር አጠገብ፣ ብርሃን ካለበት ወጣ። ሳህንና የሞቀ ውኃ ይዞ የቀረበው እንግዳው የሚባል ወጣት ነው፤ የዓለምዬ የወንድሟ ልጅ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ፀጉር ቤት ያለው።

"ጋሼ፣ መብራት ከትናንት ጀምሮ ጠፍቶብን ማሽኔ ቻርጅ የለውም እንጂ መጀመሪያ እሱ ያሳጥርልዎ ነበር" አለው።

"ማሽን ለበግም ይሆናል" አለ ፍቅረ ሥላሴ። መልሱ ከአፉ ከወጣ በኋላ አፈረ፤ ልጁ በቅንነት ነበር የተናገረው።

ጺሙን በመቀስ ማሳጠር ጀመረ። መቀሱ ከሚገባው በላይ ይንኳኳል። ሰው ፈጥኖ የሚሠራ መሰለው፤ እሱ ግን ያቺን እጁን የሚያስቆምበት ቦታ እየፈለገ ነው። ሲጨርስ እዚህ አጠር፣ እዚያ ረዘም ብሎ ቀረ። በሳሙና አረፋ ሸፈነውና ሰማያዊውን አነሣ። የመጀመሪያው ጭረት ደህና ሄደ። በሁለተኛው ፀጉሩ በአምስቱ ምላጮች መሐል ተጠቅጥቆ መላጫው ቆመ። ውኃ ውስጥ ነከረው፣ የሳህኑን ጠርዝ መታበት፣ እንደገና ሞከረ። አሁን መቁረጡን ትቶ ይጎትት ጀመር። የአሻግሬ ዓይኖች በእንባ ሞሉ።

"ወይኔ፣ አስታወሳት!" አለች ከሴቶቹ በኩል አንዲት አክስት። ሌላዋ ተቀበለቻት፣ ሦስተኛዋ ደረቷን መታች፤ ድንኳኑ በአንድ አፍታ የቀብር ዕለት ድንኳን ሆነ።

"ጺሜን እየነቀልከው ነው" አለ አሻግሬ በጥርሱ መሐል።

"እባካችሁ ዝም በሉ! ሰው ልናጽናና አይደል የመጣነው?" መምሬ ኪዳኑ ሴቶቹን ተቆጥተው ወደ ወንበሩ ዞሩ። "ልጄ ፍቅረ ሥላሴ፣ ደባርቅ ሁሉ የሚያወራለት ያ ብረትህ የት ሄደ? ይኸ የልጆች መጫወቻ ነገር ምንድነው?"

"እዚሁ ነው፣ አባቴ።"

ብረቱን አወጣ። የአዲሱን ምላጭ ወረቀት ሲልጥ ምላጩ ከጣቱ አምልጦ ወደቀ። እንግዳው አንሥቶ በአልኮል ጠርጎ አቀበለው፤ ሲያቀብለው እጁን አየው። ፍቅረ ሥላሴ ክንዱን ከጎድኑ ጋር አጣብቆ፣ ትንፋሹን ይዞ ብረቱን የአሻግሬ ጉንጭ ላይ አሳረፈው። ሄደ! ከኋላው ንጹሕ ቆዳ ትቶ ቁልቁል ወረደ። አንድ ጉንጭ፣ ሁለተኛው ጉንጭ፣ ከንፈር በላይ፣ አገጭ። በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሐል ደስ አለው። ጓደኛው ከጺሙ ሥር ብቅ ሲል እያየ ሆዱ ባባ።

ከዚያ የአሻግሬን አገጭ ቀና አድርጎ አንገቱ ላይ ሲደርስ ክንዱን ከጎድኑ ማላቀቅ ግድ ሆነ። ድጋፍ ያጣው እጁ ወዲያው አልታዘዘው አለ። ምላጩ ከምትዘለው የደም ሥር አንድ ጣት ርቀት ላይ ይወዛወዛል። አሻግሬ ዓይኑን ጨፍኗል፣ ፍርሃት የሚባል ፊቱ ላይ የለም። ፍቅረ ሥላሴ ግን ፈራ። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

ሰማያዊው ሳህኑ ውስጥ ተኝቷል። አጥቦ፣ ደጋግሞ ነክሮ፣ እየጎተተም ቢሆን ይጨርስለታል፤ ደም አይፈስም። የአሻግሬ አንገት የሚያብጠው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ያኔ እሱ ደባርቅ ገብቷል። ከዚህ ድንኳን ማንም ምንም ሳያውቅ ስሙን ይዞ ይወጣል። ግራ እጁን ወደ ሳህኑ ላከ፣ እጀታውን ነካው፣ መልሶ ሰበሰበው።

"ምን ቆምክ?" አለ አሻግሬ።

"አሻግሬ፣ እጄ ታሟል።"

አሻግሬ ዓይኑን ገለጠ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሦስት ወር።"

"እኔ እንግዳ ነኝ? አትነግረኝም?"

"ማንን ነገርኩ? ለራሴም አልነገርኩ። ጉንጭህን እንደምንም ሠራሁት። አንገትህን ግን አልደፍረውም፣ እቆርጥሃለሁ።"

አሻግሬ ጥቂት አየውና ፎጣውን አንሥቶ አረፋውን መጥረግ ጀመረ። "እንግዲያው ይቅር። ካንተ ሌላ አይነካኝም ብያለሁ፣ ብያለሁ። እንዲሁ እቀመጣለሁ፣ ምን እሆናለሁ?" አለና ለመነሣት ወንበሩን ተደገፈ። ወንድሞቹ ተንጫጩ። መምሬ ኪዳኑ መስቀላቸውን አወጡ።

ፍቅረ ሥላሴ በግራ እጁ ትከሻውን ይዞ መልሶ አስቀመጠው።

"ቁጭ በል! ሌላ ሰው ፊቴን አይነካትም ነው ያልከው። ፊትህን እኔ ላጭቼዋለሁ፣ ጨርሻለሁ። አንገትህን አላልክም።"

ከወንዶቹ መሐል አንዱ ሳቁ አመለጠው። አሻግሬ ሊቆጣ አስቦ ነበር፤ አፉ ግን አልታዘዘውም፣ ከአርባ ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱ ታየ። ወዲያው ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። አሁን እውነተኛ ልቅሶ ነው፤ ሴቶቹ እንኳ አልተቀበሉትም። ሰው ሁሉ ጠበቀው። ሲበቃው ጋቢውን ገለጠና፣ ማንም ሳይነካው፣ አገጩን ወደ ላይ ቀና አደረገ።

"እንግዳው" አለ ፍቅረ ሥላሴ፣ "ና ወዲህ።"

"እኔ? ጋሼ፣ በዚህ ላጭቼ አላውቅም።"

"እጅህን ዘርጋ።"

ወጣቱ ዘረጋ። እጁ ንቅንቅ አላለም። ፍቅረ ሥላሴ ያን እጅ ትኩር ብሎ አየ፤ ቀናበት፣ ለራሱም አልዋሸም። ከዚያ ብረቱን በእጀታው በኩል አስያዘው። ራሱ ከወንበሩ ኋላ ዞረና የአሻግሬን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ደረቱ ላይ አስደገፈው።

"ከጆሮው ሥር ጀምር" አለ፣ ድንኳኑ ሁሉ እየሰማው። "ፀጉሩ በተኛበት በኩል ውረድ፣ አትጫነው። ቀስ ብለህ። ጓደኛዬ ነው።"