ራስት ስትሪት ካልጋሪ የመጣ ጊዜ

ጆኒ ፖስተር ጠቅልሎ ወደ ፀጉር ቤቷ ሲገባ ቅሳነት መጀመሪያ ያየችው ባርኔጣውን ነበር። ስታምፒድ የሚባለው የከብት ጠባቂዎች በዓል ሰሞን ነው። በዚያ ሰሞን ካልጋሪ ውስጥ ላም በፎቶ እንጂ በአካል አይቶ የማያውቅ የሒሳብ ሠራተኛ ሁሉ የከብት ጠባቂ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሹል ጫማ አጥልቆ ይንጎራደዳል። ጆኒም ደፍቷል። ትናንት የግድግዳ ድራይዎል ሲለጥፍ አቧራ ለብሶ የሚውል ልጅ፣ የነዳጁ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ኮንዶ አሻሻጭ ሆነና ሰው የሚያናግረው ባንድ ዓይኑ፣ በሌላው ስልኩን እያየ ሆነ። አሁን ደግሞ የሙዚቃ ዝግጅት አምጪ፣ ፕሮሞተር ነኝ ብሏል።

"ቅሳኔ፣ ዊንዶው ላይ ልለጥፋት? ቢግ ሾው ነው፤ ፍሮም ዘ ስቴትስ። ቅዳሜ፣ እዚሁ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ።"

ቅሳነት የደንበኛዋን ፀጉር እንደያዘች አንገቷን አዞረች። ፖስተሩ ላይ አራት ወንዶችና አንዲት ወጣት ሴት እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ከበላያቸው በወርቅማ ፊደል "ራስት ስትሪት" ይላል። ፀጉሩ ከእጇ አመለጠ።

"ኦሪጅናሎቹ ናቸው?" አለች።

"ኦሪጅናል ነው እንጂ! ይኼ ሰውዬ ፋውንደሩ ነው" አለ ጆኒ፤ ጣቱን ዳር ላይ የቆመው ወፍራም ሰው ሆድ ላይ ተክሎ።

ፋውንደር ያለው ማርከስ ነበር። ማርከስ በሕይወቱ የመሠረተው ነገር ቢኖር ሆዱን ብቻ ነው። ያኔ ሲያትል ለራስት ስትሪት ልጆች ቫን ይነዳላቸው፣ ስፒከር ይሸከምላቸው፣ የሁሉንም ድንች ጥብስ ይበላላቸው ነበር። አንድም ቀን ማይክ ጨብጦ አያውቅም፤ ሲያቀብል ካልሆነ።

ራስት ስትሪት የተባለውን የራፕ ቡድን የመሠረቱት አራት ሆነው ነው። ዴሪክ የሚባል ግጥሙን የሚጽፍ ልጅ፣ ዲጄው፣ አንድ ጮሌ አፈኛ፣ አራተኛዋ ደግሞ አስመራ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ፊደል ቆጥራ፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ሲያትል የገባችው ቅሳነት። ልጆቹ ስሟን አሳጥረው "ኪስ" አሏት። እነሱ መሳም ማለታቸው ነው። እናቷ ግን እስክትሞት ድረስ "ልጄን ምን በወጣት ኪስ ይሏታል? ምን ከተቱባት?" እያለች ተገርማ ነው የቀረችው።

በፈረንጆቹ ዘጠና ሦስት አንድ ዘፈን ወጣላቸው። ዴሪክ ስለ ሰፈሩ ያወራል፣ ቅሳነት ደግሞ በየመሐሉ "ዝናቡ ሲያባራ ጥራኝ" እያለች በእንግሊዝኛ ታዜማለች። ሰው የዴሪክን ወሬ ረሳና የእሷን ዜማ ያዘ። ያን ጊዜ ነው ማኔጀር የተባለው ሰውዬ ለቪዲዮው ሌላ ሴት ያመጣው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከንፈር ማንቀሳቀስ የምትችል። "ድምፅሽ ቆንጆ ነው፣ ካሜራው ግን አልወደደሽም" አላት። ጓደኞቿ ሰምተዋል። አንዱ ሰዓቱን አየ፣ አንዱ የጫማውን ክር አሠረ፣ ዴሪክ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጣ። እሷም ኮቷን ለብሳ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከሩቅ ነው የሰማችው። ዲጄው ኢንሹራንስ ልሽጥ ብሎ ወጣ። ዴሪክ አክተር እሆናለሁ ብሎ ሎስ አንጀለስ ሄደና መኪና ማሻሻጥ ላይ ቀረ። አፈኛው ብቻውን ሲቀር ሦስት የአክስት ልጆቹን አስገባ፤ የአክስት ልጆቹ ተባብረው እሱኑ አስወጡት፤ ማኔጀሩ ደግሞ የአክስት ልጆቹን። የቡድኑ ስም በወረቀት የማኔጀሩ ነበርና ስሙን ይዞ የሰው ክፍት ቦታ እንደሚሞላ የፋብሪካ አለቃ አንዱን ሲያስገባ ሌላውን ሲያባርር ኖረ። በመጨረሻ ከድሮዎቹ የቀረው ስፒከር ተሸካሚው ብቻ ሆነ። እሱም ከለታት አንድ ቀን ጥቁር መነጽር አጥልቆ መሥራች ነኝ አለ፤ የሚያስተባብል ሰው አልነበረም።

"ታውቂያቸዋለሽ እንዴ?" አለቻት ሸዋወርቅ፣ ጆኒ ከወጣ በኋላ። ሸዋወርቅ አብራት የምትሠራ፣ ቸርችም አጠገቧ የምትቀመጥ ጓደኛዋ ናት።

"በስም" አለች ቅሳነት። ባሏ አድማሱ እንኳ፣ ሰሜን ካለው የነዳጅ ሥራው፣ ከፎርት መክመሪ፣ ለዕረፍት ሲመጣ አጠገቧ የሚተኛው ሰው፣ የሚያውቀው ትምህርት ቤት ሳለች ትንሽ ትዘፍን እንደነበረ ብቻ ነው። ቸርች ውስጥ ኋላ ወንበር ትቀመጣለች። ኳየሩ ድምፅ ሲያዛባ ጥርሷን ነክሳ ትታገሳለች እንጂ አፏን አትከፍትም።

ሐሙስ ዕለት ጆኒ ያለ ባርኔጣ እየሮጠ መጣ።

"ፖስተሩ ላይ ያለችውን ሲንገር ቦርደር ላይ ያዟት። ወረቀቷ ችግር አለበት። ቅሳኔ፣ ፕሊስ፣ አንድ ቆንጆ ልጅ ፈልጊልኝ። መዝፈን የለባትም፤ ቮይሱ ከሲዲ ነው የሚመጣው። ቆማ ከንፈሯን ሙቭ ማድረግ ብቻ ነው።"

በዚያ ዓመት ካልጋሪ ውስጥ ሰው ማግኘት ቀልድ አልነበረም። ዶናት የሚሸጥ ሰው ጠፍቶ ሱቆች በእኩለ ቀን ይዘጋሉ። እጅና እግር ያለው ሁሉ ሰሜን ሄዶ ነዳጅ ይቆፍራል፤ የቀረው ሁለት ሺፍት ይሠራል። ጆኒ የሚያውቃቸውን ሴቶች ሁሉ ጠይቆ ጨርሷል። ዓይኑ ሸዋወርቅ ላይ ሲያርፍ፣ ሸዋወርቅ "እኔን? በኢየሱስ ስም" ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

"እኔ እሄዳለሁ" አለች ቅሳነት።

ጆኒ ሳቀ። እሷ ሳትስቅ ፊቱ ስትቆምበት መሳቁን ትቶ ከላይ እስከ ታች ለካት። "ትንሽ… ኤጅሽ… ግን ላይቱ ዲም ነው" አለ። ሰው ሲጠፋ ይመለመላል ጎባጣ።

ለምን እንደሄደች ራሷን ስትጠይቅ የሰጠችው መልስ፣ ምን ያህል እንደበሰበሱ በቅርብ ላያቸው ነው የሚል ነበር። ንቀት ካገሩ ርቆ ከተቀመጠ ይደርቃል፤ አንዳንዴ ሄዶ ማጠጣት ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳራሹ ደረሰች። ማርከስ ወንበር ላይ ተዘርፍጦ ቺፕስ ይበላል፤ መነጽሩን አላወለቀም፤ ጭንቅላቱንም ቀና አላደረገም። ሦስቱ ራፐሮች ዘፈኑ ሲወጣ ገና አንደኛ ደረጃ የነበሩ ልጆች ናቸው። አንደኛው "ራስት ስትሪት የሚባለው ኒው ዮርክ ያለ መንገድ ነው" እያለ ለመብራት ሠራተኛው ያስረዳል። ራስት ስትሪት ሲያትል ውስጥ ከዴሪክ ቤት ጀርባ ያለ፣ የዛገ ቆርቆሮ የተጣለበት፣ ስም እንኳ የሌለው መተላለፊያ ነበር። ራስት፣ ዝገት ብላ ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት።

የሙዚቃ መሣሪያው ጋ የቆመው ልጅ ዜማውን አንዴ ለቀቀላት። ከዚያ ማይኩን ክፈትልኝ አለችው። ከፈተላት። ዘፈነች። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ድምፅዋ ትንሽ ወፍሯል፣ ግን ከቦታው አልወረደም፤ ራሷም ታውቀዋለች። ልጁ በትሕትና አዳመጣትና ራሱን ነቀነቀ።

"ጥሩ ነው እሜቴ። ግን ሲዲው ላይ ያለችው ልጅ የሆነ ነገር አላት፤ እሱ ይጎድልሻል። ዝም ብለሽ ከንፈርሽን አንቀሳቅሺ፤ ማይኩን እዘጋዋለሁ።"

ቅሳነት ይህን ልጅ የት ጀምራ እንደምትንቀው ግራ ገባት። ንቀት ደረጃ አለው፤ እሱ ግን የመጀመሪያዋ ደረጃ ላይ እንኳ አልደረሰም።

ማታ፣ የሐምሌ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ አዳራሹ ሞላ። ከነዳጅ ጉድጓድ ቁፋሮ የወጡ፣ አዲስ ጂንስ የለበሱ፣ አንገታቸው በፀሐይ የቀላ ልጆች፤ ባርኔጣ በባርኔጣ ላይ። የጆኒ ባርኔጣ ሁሉንም ይበልጣል። ሦስቱ ልጆች የዴሪክን ግጥም እየተሳሳቱ ጮኹ። ማርከስ እጁን ያወዛውዛል። ከዚያ የእሷ ቦታ ደረሰና ቅሳነት አፏን ከፈተች። የሃያ ሁለት ዓመቷ ቅሳነት ከራሷ በላይ ከተሰቀለው ስፒከር ወጣች።

ሰው ሁሉ አብሮ ዘፈነ። አንዱ ባርኔጣውን ወደ ላይ ወረወረ። ቅሳነት አፏን እያንቀሳቀሰች "እነዚህ ከብቶች" አለች በልቧ። እንዲህ እያለች ትከሻዋ ሙዚቃውን ተከተለ፤ ፊቷም ፈገግ አለ። ልታቆመው ሞከረች፣ አልቆም አለ። ከሁሉ ያስጠላት ደስ ማለቱ ነበር።

ሲጨርሱ ማርከስ ከመድረክ ጀርባ አገኛት። "ጎበዝ ነሽ። ነገ ኤድመንተን፣ ማክሰኞ ሬድ ዲር ነን። አብረሽን ነይ።"

"ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?" አለችው በእንግሊዝኛ።

መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹ አርጅተዋል። "ከበር ስትገቢ ነው ያወቅኩሽ፣ ኪስ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልክ?"

"ብናገር መድረክ ላይ በራሴ ድምፅ ልዝፈን ትያለሽ።"

እዚያው ልትሰድበው ትችል ነበር። ቃላት አልጠፋትም፤ በሦስት ቋንቋ ነበራት። ግን ማርከስ ያለው እውነት ነው፤ ልዝፈን ትል ነበር። መነጽሩን መልሶ አጠለቀና ቫኑን ሊያስነሳ ሄደ።

ኤድመንተን ሄደች። ለሸዋወርቅ ፀጉር ቤቱን ክፈቺልኝ አለቻት፤ ለአድማሱ በስልክ ሥራ አለብኝ አለችው። ቫኑ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ተጣብቃ፣ ማርከስ ሲነዳ የኋላ ጭንቅላቱን እያየች ሁሉንም በየተራ ናቀቻቸው፤ ማርከስን ባለጌ፣ ልጆቹን ደንቆሮ፣ ጆኒን ጉረኛ፣ የሚያጨበጭበውን ሰው ደግሞ ደንባራ እያለች። ኤድመንተን ላይ ከካልጋሪው የተሻለ ሠራች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እሷ ግን ባለቤት ሆና የገዛ አጥሯን እየነቀነቀች ነው። ይህን አውቃዋለች። አውቃም ማክሰኞ ሬድ ዲር ሄደች።

ሬድ ዲር ላይ ድንበር ላይ የተያዘችው ልጅ ደረሰች። ወረቀቷ ተስተካክሎላት፣ ከድንበሩ ጀምሮ አውቶቡስ ላይ አድራ፣ ሻንጣዋን እየጎተተች። ታሻ ትባላለች። በአካል ስትታይ ፖስተሩ ላይ ካለው ምስሏ ታንሳለች፤ ደክሟታል፤ ትስቃለች። ቅሳነት ልትንቃት ተዘጋጅታ ነበር። ልጅቷ ግን ከአዳራሹ ኋላ ደረጃ ላይ አጠገቧ ቁጭ አለችና፣

"ያ ረጅሙ ቦታ ላይ ሁልጊዜ እሳሳታለሁ። ሲዲው ላይ ያለችው የት ነው የምትተነፍሰው?" አለቻት።

ቅሳነት አሳየቻት። "'ዝናቡ' ካለች በኋላ አይደለም፤ ከእሱ በፊት ነው። ትንሽ ሰርቃ። ትከሻሽን አታንሺ።" ልጅቷ ሞከረችው። እንደገና ሞከረችው። ማርከስ ሳንድዊች ይዞ መጥቶ በላያቸው ቆመ።

"ይቺ ኦሪጅናሏ ዘፋኝ ግን የት ደረሰች?" አለችው ታሻ።

"ሞታለች" አለ ማርከስ፣ ሳያስብ። ብዙ ጊዜ የመለሰው ጥያቄ ነው። ከዚያ ቅሳነትን አያትና ማኘኩን አቆመ።

"እውነት? ምስኪን" አለች ታሻ።

"አልሞተችም" አለች ቅሳነት። "እኔ ነኝ።"

ታሻ ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ከዚያ ወደ ማርከስ ዞረች። ማርከስ ሳንድዊቹን እያገላበጠ ያያል። የልጅቷ ፈገግታ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ታዲያ አንቺ እያለሽ እኔ ምን አደርጋለሁ?"

"ከንፈርሽን ታንቀሳቅሻለሽ" አለቻት ቅሳነት። "ከመጀመሪያዋ ጀምሮ ሥራው ይኸው ነው። እኔ በገዛ ድምፄ ሁለት ቀን ሠርቼዋለሁ። አንቺ ስትሄጂ ደግሞ ለሚቀጥለዋ አንቺም ሞተሻል ይሏታል።"

"ኪስ፣ እባክሽ" አለ ማርከስ። "ሰው ይሰማል።"

"ማን? ማን ሊሰማ ነው፣ ማርከስ? አንድም ሰው ሰምቶ ቢያውቅ ኖሮ አንተ መሥራች ትሆን ነበር?"

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ማርከስ ሳንድዊቹን ይዞ ገባ። በሩ ከኋላው ቀስ ብሎ ተዘጋ። በዚህ መሐል ቅሳነት ለዓመታት ሸክፋ የያዘችው ንቀት ሰውዬው ላይ ሲያርፍ እንዴት ትንሽ ቦታ እንደበቃው አየች። የምትንቀው ስፒከር የሚሸከም፣ ተርቦ ያደገ፣ ቫን ከመንዳት ሌላ የሚያውቀው የሌለ ሽማግሌ ነው። ጫማቸውን ያሠሩት፣ ውሃ ልጠጣ ብለው የወጡት እዚያ የሉም። አንዳቸውም ሬድ ዲር አልመጡም። እሷ ብቻ ናት የመጣችው።

ለታሻ አተነፋፈሱን እስኪገባት ድረስ ደጋግማ አሳየቻት። ከዚያ ቦርሳዋን አንሥታ፣ ሾው ሳይጀመር፣ የካልጋሪ አውቶቡስ ያዘች። በግራም በቀኝም ለዘይት የሚዘራው ካኖላ ቢጫ አበባ ያበበበት እርሻ ነበር። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ እስከ ካልጋሪ አንኮራፋ።

ማግስቱን ፀጉር ቤት ገብታ ለሸዋወርቅ ሁሉንም ነገረቻት፤ ከሲያትል ጀምሮ፣ ምንም ሳታስቀር። ሸዋወርቅ መጥረጊያውን እንደያዘች ሰማቻት።

"እና ይኼን ሁሉ ዓመት ቸርች ውስጥ ኳየሩን እየሰማሽ ዝም አልሽ?"

"ዝም አልኩ።"

"ትንቂያቸው ነበር በይኛ።"

"አዎ" አለች ቅሳነት።

ሸዋወርቅ ጥቂት አሰበችና "እኔም ከኳየሩ አልቶ የምትዘምረዋን ሴትዮ አልችላትም" ብላ መጥረጓን ቀጠለች።

መስከረም ላይ ጆኒ ለፀጉር ሳይሆን ለወሬ ብቅ አለ። አዲስ ትልቅ መኪናውን የፀጉር ቤቱን በር ዘግቶ ፓርክ አድርጎታል። ታሻ የምትባለው ልጅ ሳስካቱን ላይ፣ ሾው መሐል፣ ማይኩን መሬት ላይ አስቀምጣ እንደሄደች ነገራት።

"ክሬዚ ናት" አለ። "ግን ኖ ፕሮብሌም፣ በማግስቱ ሌላ አገኙ።"

ቅሳነት የደንበኛዋን ፀጉር ማጠቧን አላቋረጠችም። "ጆኒ፣ መኪናህን ከበሩ ላይ አንሣልኝ" አለችው።