መርፌ የሚችል ወረቀት

ካርዱ አምሮ ታትሟል። በለጠችን ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ይኸው ማማሩ ነው። ወረቀቱ ወፈር ያለ፣ ጣት ላይ ከበድ የሚል፤ ቀለሙ ያልፈሰሰ፤ ፊደሉ ቀጥ ብሎ የተደረደረ። አንድ እንከን አይወጣለትም። መሐሉ ላይ ግን፣ ስሟ ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ፣ «ጉግሳ ስፌት ቤት» ይላል።

«ጋሽ ገብረወልድ፣ ይሄ ምንድነው?»

ሽማግሌው አታሚ መነጽሩን አወለቀ፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ መልሶ አጠለቀ።

«ባልሽ መጥቶ ነበር» አላት በመጨረሻ። «ናሙናውን አየና ‹ስሙ ተሳስቷል፣ አስተካክለው› አለኝ። የቀበሌ ሊቀመንበር አስተካክል ሲለኝ እምቢ ልበል? የት ሊያስገባኝ እንደሚችል ታውቂው የለ።»

«‹ያዘዘችኝን ልጠይቃት› አትልም ነበር?»

«ባልሽ ነው ብዬ ነዋ። ተማክራችሁ መስሎኝ።»

ተማክራችሁ! በለጠች ልትጮህበት አፏን ከፈተችና ተወችው። ፈሪ ነው፤ ግን በዚህ ዘመን ያልፈራ ማን አለ? እንደገና በሌላ ወረቀት ላትምልሽ ብሎ ሲጀምር «በየትኛው ወረቀት?» አለችው። ወረቀቱ እንዳለቀ ሁለቱም ያውቃሉ።

ያን ወረቀት ለማግኘት ከተማውን አካልላለች። ነገሩን ያነሳሳችው ዑግባድ ናት፤ በባቡር ጅቡቲ እየተመላለሰች የምትነግድ ሶማሌ። በለጠች የምትሰፋቸውን የሙሽራ ቀሚሶች ወስዳ የምትሸጥላትም እሷው ናት። «አቦ በለጠች፣ ሴቶቹ ‹ማነው የሰፋው?› እያሉ ጨረሱኝ ወላሂ» አለቻት አንድ ቀን። «ካርት ቪዚት አሳትሚ። ስምሽ ያለበት፣ አድራሻሽ ያለበት፣ እኔ ለሁሉም እሰጣለሁ። ግን ደህና ወረቀት ይሁን። የጅቡቲን ሙቀት ታውቂዋለሽ፤ ላብ ሲነካው የሚሟሟ ከሆነ ተይው፣ አያስፈልግም።»

ስምሽ ያለበት። ይቺ ነገር በለጠች ሆድ ውስጥ ገብታ ቀረች። ልጅ ሳለች ከዚራ ሰፈር ውስጥ ለአንዲት ግሪካዊት ትሰፋ ነበር፤ ያን ጊዜ ቀሚሱ «የማዳም» ተባለ። ማዳም አብዮቱ ሲመጣ የስፌት መኪናዋን ለበለጠች ትታ አገሯ ገባች። በለጠች በራሷ ቤት መሥራት ስትጀምር ደግሞ ባሏ ጉግሳ በሩ ላይ ታፔላ ሰቀለ፤ «ጉግሳ ስፌት ቤት»። ያኔ የምድር ባቡር ጸሐፊ ነው። እስከ ዛሬም በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገብቶ አያውቅም። አዲስ ሙሽራ ነበረችና ታፔላውን ስታይ ደስ አላት። ሞኝነት ነበር፤ አሁን ስታስበው ራሷን በጥፊ ማለት ያምራታል።

ስለዚህ ወረቀቱን ራሷ ልትመርጥ ወጣች። ትልቁ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሚያብለጨልጭ ካርቶን አሳዩዋት። ደረቷ ላይ ሁልጊዜ የምትሰካውን መርፌ ነቅላ ወጋ ወጋ አደረገችውና ሳብ ብታደርገው እንደ ቴምብር ተተረተረ። ጨርቅም ሆነ ወረቀት በለጠች የምታምነው መርፌዋን ነው። «እቴ፣ ልትሰፊው ነው እንዴ?» ብሎ ሠራተኛው ሳቀባት። ትታው ወጣች። የደቻቱን ወንዝ ተሻግራ መጋላ ውስጥ ማኅተም ከሚቀርጽ ሰው ዘንድ ሄደች፤ የዚያን ሰውዬ ካርድ ደግሞ በእርጥብ አውራ ጣቷ ስትነካው ቀለሙ ጣቷ ላይ ቀረ። በመጨረሻ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ በእግር የሚመታ አሮጌ ማተሚያ ያለው ጋሽ ገብረወልድ ከመደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጣ ፓኮ አወረደላት። አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ለራሱ አስመጥቶ፣ ሳያሳትምበት ጥሎት የሄደ የጥጥ ወረቀት ነው። መርፌዋን ወጋችበት፤ አልተሰነጠቀም። ሳበችው፤ ወይ ፍንክች። «ይሄ ነው» አለች። የነበረውም ያ አንድ ፓኮ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ጉግሳ የበላባት ያንን ፓኮ ነው።

ካርዶቹን በብብቷ ሸጉጣ ቤቷ ስትደርስ ድሬዳዋ በቀትር ፀሐይ ጭር ብላለች። ጉግሳ ግን አልተኛም። ከጓድ ክፍሉና ከሌላ አንድ የቀበሌ ሰው ጋር ሳሎን ውስጥ ትራስ ተደግፎ፣ ጫት እየቃመ በርጫ ላይ ነው። የማግሥቱን የማርች ስምንት ንግግር እያዘጋጁ ነበር። ርእሱ የሴቶች እኩልነት ነው! ንግግሩን የሚያደርግበት አዲሱ የካኪ ኮት፣ አንድ እጅጌው ገና ሳይገጠም፣ ከስፌት መኪናዋ በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። የምትሰፋው እርግጥ በለጠች ናት፤ ሌላ ማን ይስፋለት?

«ስሜን ለምን አስወጣኸው?» አለችው ቆማ።

«ምኑን?»

ካርዱን አሳየችው። ጉግሳ ቀለል አድርጎ ሳቀ።

«እ... እሱን ነው? ሰው ግራ እንዳይጋባ ብዬ ነዋ። በሩ ላይ ሌላ ስም፣ ካርዱ ላይ ሌላ ስም ቢሆን ምን ይባላል? ደግሞስ የእኔና የአንቺ ምን ይለያያል?»

«ካልተለያየ የእኔው ቢሆን ምን ነበረበት?»

ጉግሳ ወደ እንግዶቹ ዞረ። «‹የእኔ፣ የእኔ› ማለት እኮ የንዑስ ከበርቴ አመል ነው። አይደለም እንዴ ጓድ ክፍሉ?»

ጓድ ክፍሉ ጉንጩ በጫት ስለተወጠረ ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ያኛውም ፈገግ አለ።

ስሟን መቀማቱ ሳያንስ በሰው ፊት መሳቂያ ያደርጋታል! ስድብ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ብትሳደብ ደግሞ ነገ ከተማው የሚያወራው ስለ አፏ ብቻ ነው፤ እሱ የበደላትን የሚያነሳ የለም። ዋጥ አደረገችውና የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ቀይ ክር አስገባች። የመጀመሪያውን ካርድ ከመርፌው ሥር አደረገችና ፔዳሉን ረገጠችው።

መኪናው ተንጣጣ። «ጉግሳ» የሚለው ላይ ሄደች፤ ካርዱን አዙራ ተመለሰች፤ ደግማ ሄደች። ቀዩ ክር ተደራርቦ ስሙን እስኪውጠው ድረስ አላቆመችም። ወረቀቱ አልተቀደደም፤ እንዲያውም ክሩን አጥብቆ ያዘ። በለጠች ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀለሙ የማይለቅ ብዕር አንስታ ከቀዩ ስፌት ሥር «በለጠች ማዘንጊያ» ብላ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች። ሁለተኛውን ካርድ አነሳች።

«ኧረ እባክሽ፣ ሥራ ላይ ነን» አለ ጉግሳ።

«እኔም ሥራ ላይ ነኝ።»

ንግግሩን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «የተከበራችሁ ሴት ጓዶች፣ ድርብ ጭቆና...» ሲል መኪናው ይንጣጣል፤ ቆም ሲል እሷም ካርድ ልትቀይር ቆም ትላለች፤ ሲጀምር ትጀምራለች። ሆን ብላ ነው። ጉግሳ ላብ አጠመቀው። ሦስቱም የሚያዩት እግሯን ሆነ።

የካርዱ ክምር ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ዑግባድ በር ላይ ደረሰች። «አሰላሙ ዓለይኩም! በለጠች፣ ነገ በጠዋት ባቡር ነኝ፣ ካርዱ ደረሰ?» ብላ ገባች። አንዱን አነሳችና ወደ ብርሃኑ አስጠጋችው። በጥፍሯ ስፌቱን ፋቀችው፤ አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው።

«ወላሂ ያምራል! ሳያነቡት ልብስ ሰፊ መሆንሽን ያውቃሉ። ግን እዚህ ክሩ ሥር ማነው ያለው?»

ጉግሳ እንግዶቹን አየ። እንግዶቹም እሱን አዩት።

«የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው» አለ ቶሎ ብሎ።

አሁንም! አሁንም ያንን ፈሪ ሽማግሌ ያስወነጅላል። በለጠች የመጨረሻውን ክር በጠሰች።

«ስሕተት አይደለም» አለች። «ባሌ ነው።»

ጓድ ክፍሉ በጉንጩ ያለው ጫት ትን አለው። ዑግባድ ከጉግሳ ወደ በለጠች፣ ከበለጠች ወደ በሩ ታፔላ ተመለከተችና ነገሩ ገባት። ካርዶቹን አንድም ሳታስቀር ሰብስባ በሻሽ ቋጠረች፤ በለጠችን ትከሻዋን ጨበጥ አድርጋት ሄደች። ነገ ጠዋት ካርዶቹ ጅቡቲ መንገድ ላይ ናቸው።

ጉግሳ እንግዶቹ ፊት የቀረችውን ክብሩን ሊሰበስብ ሳቅ ለማለት ሞከረ።

«በይ እሺ፣ ይሁንልሽ፣ ደስ ካለሽ። አሁን የኔን ኮት ጨርሺልኝ። ስብሰባው ነገ በሦስት ሰዓት ነው እኮ።»

በለጠች ብድግ አለች። ባለ አንድ እጅጌውን ኮት ከሚስማሩ አውርዳ ጭኑ ላይ ጣለችለት። መርፌዋን ደረቷ ላይ መልሳ ሰካች።

«ጉግሳ ስፌት ቤት ውሰደው» አለችው።