የፈንቴ ባሚያ

ሰማኸኝ በሕይወቱ ስንት ጊዜ እንደሞተ ራሱም አያውቀውም። ሽንፋ ገበያ መሐል ሞቷል፤ ገንዳ ውኃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሞቷል፤ መተማ ዮሐንስ ዝናብ እየወረደበት ሞቷል። ሥራው ነው። ቋሚ ደመወዝ የለው፣ ቢሮ የለው፤ ወባንና ካላዛርን የሚያስተምር ትያትር ያስፈለገው ሁሉ ይደውልለታል፣ እሱም ሄዶ ይታመማል። ጥሪ በሚጠፋበት ሰሞን የሱቅ ታፔላ ይጽፋል፣ ሠርግ ቤት መድረክ ይመራል፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ክራር ይማራል። ስለ ክራሩ ብዙ ባንናገር ይሻላል። ሃምሳ ዓመት ሲሞላው የጀመረው ነገር ነው፤ ጎረቤቱ ዘሀቢያ ፍየሎቿ ወተት የነሷት ከዚያ ወዲህ ነው ትላለች።

አንድ የማይሽረው ሕግ አለው። መድረክ ላይ ከሞተ አይነሳም። ሌሎች ተዋንያን ትያትሩ ሲያልቅ ተነስተው እጅ ይነሳሉ፣ ሰው ያጨበጭባል፣ ይስቃል። እሱ ግን «የሞተው ሰውዬ ተነስቶ ከሳቀ ወባዋም ቀልድ ትመስላለች» ባይ ነው። ስለዚህ በቃሬዛ ተሸክመው ከመጡበት ኢሱዙ መኪና ጀርባ ይወስዱታል፤ እዚያ ጋቢ ተከናንቦ ሰው እስኪበተን ይተኛል። አንዳንዴም የምር እንቅልፍ ይወስደዋል። አንድ ድክመት ብቻ አለበት፤ እንባ አይመጣለትም። የሚያለቅስበት ቦታ ሲደርስ ኪሱ ውስጥ የያዛትን ግማሽ ሽንኩርት ዓይኑ ሥር ያሻል።

ሚስቱ ፈንቴ ግን የምር ሞተች። አምና ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰማኸኝ ስሟን ጠርቶ አያውቅም። «ባለቤቴ» ይላል፣ «እሷ» ይላል፤ ስሟ ጋ ሲደርስ ዘሎት ያልፋል።

ፈንቴ በየዓመቱ በመንደራቸው በሽንፋ፣ ወንዙ ዳር፣ ከትልቁ ሾላ ዝቅ ብሎ፣ ለወጥ የሚሆን ባሚያ ትዘራ ነበር። ዘሩን እናቷ ድሮ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ያመጡት ነው። ቅጠሉ እጅ የማያሳክክ፣ ፍሬው አጠር ደልደል ያለ ባሚያ ነው፤ ገበያ ወጥተው ቢፈልጉት አይገኝም። ፈንቴ ትዘራለች፣ ትለቅማለች፣ ለዘር የሚሆነውን አድርቃ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ታስቀምጣለች። ከሞተች በኋላ ሰማኸኝ ያን ቆርቆሮ መክፈት አቃተው። አምና አለፈው። ዘንድሮም ሰው ሁሉ ሲዘራ እሱ ቆርቆሮውን ከመደርደሪያ ያወርድና አየት አድርጎ መልሶ ይሰቅላል። መስከረም ሲጋመስ እንደ ምንም ጨክኖ ቢከፍተው፣ እርጥበት ገብቶበት ሻግቷል። ደህናውን ፍሬ ለይቶ ሲያወጣ እፍኝ እንኳ አልሞላም።

ያችኑ ዘራት። ሰው ለቅሞ ሊጨርስ እሱ መዝራቱ መንደሩን ሁሉ አሳቀ። እሱ አልሳቀም። በቅላ ሳታፈራ ከደረቀች የፈንቴ ባሚያ ጠፋ ማለት ነው፤ ሁለተኛ የሚገኝበት አገር የለም። ወንዙ ሲሸሽ የተወው አፈር ለጥቂት ጊዜ እርጥበት ያዘላት፤ ከዚያ በኋላ ጧትና ማታ በጀሪካን ውኃ እየቀዳ ያጠጣ ጀመር። ኅዳር ሲገባ ቢጫ አበባ አወጣች፤ መሐሏ እንደ ወይን ጠጅ የጠቆረ። ሰማኸኝ ክራሩን ይዞ አጠገቧ ተቀምጦ ዋለ። የሚሰማው ሰው ባለመኖሩ ለእሱም ለባሚያዋም ተመቻቸው።

ማህደር የደወለችው ያን ሰሞን ነው። ማህደር ትያትሩን የምታሰናዳው ልጅ ናት፤ መድረክ ላይ የሰማኸኝ እኅት ሆና ትጫወታለች።

«አያ ሰማኸኝ፣ ቋራ እርሻዎቹን በሙሉ እንድንዞር ተጠርተናል። ከወር በላይ ነው።»

«ዘንድሮ ይቅርብኝ ማህደር። ባሚያዬ አብባለች።»

«ወባው እኮ ሰው እየጨረሰ ነው። የቀን ሠራተኛው ቁና ቁና እየተነፈሰ በአረቄ ይድናል ብሎ ነው የሚተኛ። ያላንተ ማን ይታመምልኛል?»

ይኼን ሰምቶ እምቢ የሚል አንጀት ሰማኸኝ የለውም። ዘሀቢያን ለመናት። ዘሀቢያም «ሰማኸኝ፣ አንተ ብቻ ሂድ፤ ወላሂ ከፍየሎቼ አስበልጬ አጠጣታለሁ» አለችው። ለቅማ እንዳትበላት፣ ለዘር እንድትተዋት አደራ ብሎ ሄደ።

ቋራ፣ ገለጉ አካባቢ ያሉት እርሻዎች ስልክ አይሠራባቸውም። በሳምንቱ አንድ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ቢደውል፣ ዘሀቢያ ድምጿ የመጣው ከመተማ ዮሐንስ ነው።

«ማሌሽ ሰማኸኝ፣ ይቅር በለኝ! ልጄ ምጥ ያዛትና በሌሊት ተነስቼ መጣሁ። መንታ ወለደች! አራስ ጥዬ አልመለስ። ለባሚያህ ሰው ፈልግላት።»

እንኳን ማርያም ማረቻት አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። ከዚያ ለሚያውቀው ሁሉ ደወለ። ግማሹ ሰሊጥ ላይ ነው፣ የግማሹ ስልክ ዝግ ነው። ሰው አጥቶ ከኮረብታው ወረደ። ትቶ እንዳይሄድ ትያትሩ ያለ በሽተኛ ትያትር አይሆንም። ደግሞ በቀደም አንድ ሠራተኛ ትያትሩን አይቶ በማግሥቱ ራሱ ጤና ጣቢያ ሲሄድ በዓይኑ አይቷል። እንዴት ብሎ ይሂድ?

ያን ቀን አመሻሽ ላይ በአንድ ትልቅ የሰሊጥ እርሻ ትያትሩን አሳዩ። ሠራተኛው ከአውድማው በየቡድኑ እየመጣ ተሰበሰበ። ማህደር ሁልጊዜ መጀመሪያ በሞንታርቦ ትናገራለች፦ ይህ ትያትር ነው፣ በሽተኛው ተዋናይ ነው። ያን ቀን ግን ጄኔሬተሩ ተንተፋትፎ ቀጥ አለ። በባዶ ድምጿ ብትጮህም የሰማት ፊት የተቀመጠው ብቻ ነው። ከኋላ የቆሙት፣ ዘግይተው የደረሱት፣ ለሰሊጥ ከደጋ የመጡ የጋይንት ሰዎች፣ ገፋ ገፋ ብለው ሲጠጉ ያዩት ጋቢ ለብሶ የሚንቀጠቀጥ ሰውና አጠገቡ የምታለቅስ እኅቱን ነው።

ሰማኸኝ ሊሞት ሲል የሚላት ቃል አለች፦ «ሰሊጤን ማን ይሰበስብልኛል?» ያን ቀን አፉን ሲከፍት ሰሊጡ ጠፋው።

«ባሚያዬን ማን ያጠጣልኛል?» አለ።

ማህደር ደነገጠች። እንዲህ የሚል ቃል ትያትሩ ውስጥ የለም።

«ሽንፋ፣ ወንዙ ዳር፣ ከትልቁ ሾላ ዝቅ ብሎ። የባለቤቴ ዘር ናት። እሷ አፈር ገባች፤ የቀረችኝ ያች ናት። እኔ እዚህ ወድቄ ባሚያዋ እዚያ ደረቀች።»

«አለሁልህ ወንድሜ» አለች ማህደር። ሽንኩርቷ ከኪሱ አልወጣችም፤ እንባም አልመጣም። ሰማኸኝ ሞተ፤ በቃሬዛ ከመኪናው ጀርባ ወሰዱት። እንደ ሕጉም አልተነሳም።

ሥራው ተጠናቆ ሽንፋ ሲገባ ታህሣሥ ተጋምሷል። ከመኪና ሲወርድ ባለሱቋ አይናዲስ ሮጣ መጥታ እጁን ያዘች።

«እግዜር ማረህ? በእግርህ መጣህ? ኧረ ተመስገን!»

መንገዱ አክስቶኝ ይሆናል ብሎ አመስግኗት አለፈ። ቤቱ ገብቶ ተቀመጠ። ወደ ወንዙ መውረድ ፈራ። ክራሩን አንስቶ አንድ ሁለቴ ነካካና አስቀመጠው፤ ለክራሩም ቢሆን እረፍት ነበር። እስከ መቼ ነው? ደርቃም ከሆነ ከቀብር አይቀርም ብሎ ተነሳና ወረደ።

ባሚያዋ ቆማለች። ቆማለች ብቻ አይደለም፣ ከቁመቱ በላይ አድጋለች። አፈሩ ረጥቧል፤ ጥቁር ነው። ዙሪያዋ በግንድና በእሾህ ታጥሯል፤ ሥሯ ተኮትኩቷል። እርጥቡ አፈር ላይ የኮንጎ ጫማ ዱካ መዓት ነው። ሰማኸኝ በርከክ ብሎ አፈሩን በመዳፉ ነካ። ሕልም መሰለው።

ከበላዩ ድምፅ ሰማ። ሰዎች በመንገዱ እየወረዱ ነው፤ ከፊሎቹ ጀሪካን ይዘዋል፤ ሁለቱ በአጠና ላይ የሰሊጥ ጆንያ የተሰፋበት ቃሬዛ ተሸክመዋል። ፊት የሚመሩት ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው።

«ይኸው! ይኸው እሱ ነው!» አሉ ሽማግሌው። «ተው አትነሳ! ማን በእግርህ ሂድ አለህ? እኛ እኮ መጣህ ሲሉን ልንሸከምህ ቤትህ ሄደን አጣንህ።»

«አባቴ፣ እርስዎ ማን ነዎት?»

«ለይኩን እባላለሁ፤ ከጋይንት ነን። ያን ቀን እርሻው ላይ ስትወድቅ አይተንሃል። ሞተ ያለም ነበር፤ እኔ ግን ከመኪናው ኋላ ጋቢው ከፍ ዝቅ ሲል አይቼ፣ ነፍሱ አለች፣ ሐኪም ቤት ሊወስዱት ነው አልሁ። በማግሥቱ ሥራችን አለቀ። ሾላውን እየጠየቅን መጣን፤ መታመምህንም ለመንደርህ ተናገርን። ቀን መጋዘን ሰሊጥ እንጭናለን፤ ጧትና ማታ ይችን እናጠጣለን። አገግመህ እስክትመጣ ብለን ነው።»

ሰማኸኝ ጀሪካኑንም ቃሬዛውንም አየ። ሰዎቹ ለገና አገራቸው የሚገቡበትን መንገድ አቆይተው ነው። ለማይታመም ሰው ቃሬዛ ሰፍተዋል። ያ የሚኮራበት ሕጉ፣ አለመነሳቱ፣ እነዚህን ሰዎች እዚህ እንዳስቀራቸው ገባውና መሬት ብትውጠው ወደደ።

«አባቴ፣ እኔ አልታመምሁም» አለ።

«ምን?»

«ትያትር ነው። ሰው ወባን እንዲጠነቀቅ የምንሠራው ነው። አስመስዬ ነው የተኛሁ።»

ቃሬዛውን ከያዙት አንዱ የያዘውን ጫፍ ቀስ አድርጎ መሬት አስነካው። ለይኩን ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ?»

«ማስመሰል ነው።»

«ጉድ ነው! እኔ እኮ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቼልሃለሁ።» ጢማቸውን ደባበሱ። «ሚስቴ ሞታለች፣ የሷ ዘር ነው ያልኸውስ?»

«እሱ እውነት ነው።»

«እርግጥ?»

«እርግጥ ነው አባቴ። ትያትሩ ውስጥ አልነበረም፤ አምልጦኝ ነው።»

«እንግዲያ ምን ያሳፍርሃል?» አሉ ለይኩን። «ያጠጣነው ለሷ ነዋ። ስሟ ማን ነበር?»

ሰማኸኝ አፉን ከፈተ። እንደ ልማዱ «ባለቤቴ» ሊል ሲል፣ ሰዎቹ ሁሉ ጀሪካናቸውን አስቀምጠው እየጠበቁት መሆኑን አየ።

«ፈንቴ» አለ።

ባርኔጣ ያደረገው ባርኔጣውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አሉ በአንድ ድምፅ።

ከዚያ ለይኩን ተነስተው ወደ ባሚያዋ ተጠጉና ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «አንድ ጥፋት ግን አለብን። እኛ አገር ይኼ ነገር የለም፤ መቼ እንደሚለቀም አላወቅንበትም። የታችኛው ፍሬ ደርቆ እንጨት ሁኗል። አበላሸንብህ።»

ሰማኸኝ አንዱን ፍሬ ቀጠፈ። ደርቆ ይንኳኳል። በጥፍሩ ሰንጥቆ መዳፉ ላይ ዘረገፈው፤ አመድማ አረንጓዴ፣ ክብ ክብ፣ ደህና ፍሬ። ዘር ነው።

«አላበላሻችሁም» አለ። «የምፈልገው ይኼን ነበር።»

ለይኩን የጋቢያቸውን ጫፍ ዘረጉ። «እንዲያ ከሆነ ቆንጠር አድርገህ ለኔም ስጠኝ።»

«ጋይንት ውርጭ ነው እኮ አባቴ፤ ባሚያ አይበቅልበትም።»

«አይበቅል፤ ይጠፋኛል? ልዘራው አይደለም። አንተ ዘንድ ነቀዝ ቢያገኘው እኔ ዘንድ ይኖራል ብዬ ነው። ለሰሊጥ በየዓመቱ መምጣታችን አይቀር፤ ይኼን ይዘንልህ እንመጣለን፣ አዲሱን ይዘን እንሄዳለን። የፈንቴ ዘር ሁለት ቤት ይደር።»

ሰማኸኝ እፍኙን ሞልቶ ጋቢው ላይ አፈሰሰላቸው። ለይኩን ቋጠሩት፤ ጠበቅ አድርገው ደግመው ቋጠሩት። ያኔ ሰማኸኝ እንባው መጣ። ፊቱን አልሸፈነም፤ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠ።

ቃሬዛውን የያዘው ጎልማሳ ተጠራጠረና ወደ ለይኩን ጠጋ አለ። «ይኸስ ትያትር ነው?»

ለይኩን ጎንበስ ብለው ሰማኸኝን አዩት።

«አይደለም» አሉ። «ይኸ የምሩ ነው። ተውት ያልቅስ፤ እኛ እናጠጣ።»