ደራሽ ውሃ

ልብስ ሰፊዋ ያደገችው ወንዝ ዳር ነው። እናቷ ጠራራ ፀሐይ ላይ ልብስ እያጠበች ሳለ ድንገት ውሃው መደፍረስ ሲጀምር፣ «ላይ ዘንቧል!» ብላ ልጆቿን በክንዳቸው እየጎተተች ወደ ዳገቱ ትሮጥ ነበር። እነሱ ጋ ጠብ ያላለ ዝናብ ሰው ይዞ ይሄዳል። ልብስ ሰፊዋ እንግዲህ ይህን ሁሉ እያወቀች ነው ያን ቀን ያደረገችውን ያደረገችው። በማወቅማ ማን ብሏት!

ከሰዓት በኋላ ሱቋ ውስጥ የቀሚስ ጫፍ እየቀመቀመች ሳለ ጎረቤቷ ፎቶ ላከላት። የሰባት ዓመት ልጇ ሚጡ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች፣ አንድ ባለ ቆብ ሰው በር ከፍቶላት መኪና ውስጥ ስትገባ። ከሥሩ «ይሄ ሰው ዘመዳችሁ ነው?» ይላል። ሰውየውን አታውቀውም። ትምህርት ቤት ደወለች፤ አይነሳም። ሹፌር ባሏ ጋ ደወለች፤ መንገድ ላይ ነው፣ ኔትወርክ የለም። መርፌው ጣቷን ሲወጋት እንኳ አልታወቃትም። ፎቶውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያለበት ግሩፕ ላይ ለጠፈችና ጻፈች፦ «ልጄን ወሰዳት! ያያችሁት ያዙልኝ! ለሌላም አዳርሱልኝ!»

ሱቋን ቆልፋ ልትወጣ ስትል ሚጡ እየዘለለች ገባች።

«አባዬ የላከው ጋሼ መካኒኩ አመጣኝ! ትምህርት ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ክፍላችን ዋና ሆነ!»

ልጇን አቅፋ አለቀሰች። የባሏም መልእክት ያን ጊዜ ገና እያለከለከ ደረሰ፦ «ጓደኛዬን ልኬዋለሁ፣ አታስቢ።» ተመስገን ብላ ሳትጨርስ የጻፈችው ትዝ አላት። ተንደርድራ አጠፋችው። ምንጩን ደፈነች፤ ውሃው ግን ከወጣ ቆይቷል። «ልጄ ተገኝታለች፣ ሰውየው ንጹሕ ነው» ብላ ብትጽፍ ሁለት ሰው አበባ ላከላት። የመጀመሪያው ከግሩፕ ግሩፕ ሲጎርፍ፣ ይሄኛው እዚያው ጠብ ብሎ ደረቀ።

ባሏን በስንት ሙከራ አገኘችው። መካኒኩ ድልድዩ ጋ ጎማ ሊያስጠግን ሄዷል፤ ስልክ ቁጥሩን ሰጥቷት ደወለች፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ጎርፍን ከኋላው እየተከተሉ አይመልሱትም፤ ቀድሞ መድረስ ነው እንጂ። ሚጡን በእጇ ይዛ ወደ ታክሲ ሮጠች።

ታክሲው ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ ስልካቸውን አሳዩዋት።

«ይኸውልሽ የኔ እህት፣ ይሄን አውሬ እይልኝ! ሦስት ልጆች ወስዷል አሉ።»

የሚጡ ፎቶ ነው። ወሬው ከሱቋ ሲነሣ አንድ ልጅ ብቻ ይዞ ነበር፤ መንገድ ላይ የተቀላቀለው ሁሉ የየራሱን ጭቃ ጨመረበት። ሴትዮዋ የሚጡን ጉንጭ ዳበስ አድርገው «ዘንድሮ ልጅን ከዓይን መለየት አይገባም» አሉና፣ ልብስ ሰፊዋ «ልጅቷ ይቺው ናት» ሳትላቸው ያንኑ ፎቶ ለሌላ ሰው ላኩት።

ድልድዩ ጋ መንገዱ በሰው ተዘግቷል። መኪናው መሐል ላይ ቆሟል፤ የፊት መስታወቱ ተሰንጥቋል። መካኒኩ ውስጥ በሩን ቆልፎ ተቀምጧል፤ ቅንድቡ ይደማል።

«ተዉት! እናቷ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች።

ድንጋይ የያዘ ጎረምሳ ገላመጣት። «እናትየዋማ ያዙልኝ ነው ያለችው! አንቺ ግብረ አበሩ ነሽ!» ስልኩን አወጣና የራሷን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበላት። «ልጄን ወሰዳት! ያያችሁት ያዙልኝ!»

ሰዉ ተጠጋት። አንዱ ትከሻዋን ጨምድዶ ያዘ። የራሷን ቃል በምን ቃል ትመልሰው? ፈራች፣ አፈረችም።

ሚጡ ግን ከእጇ አምልጣ፣ በሰው እግር መሐል ሹልክ ብላ የመኪናውን መስኮት አንኳኳች።

«ጋሼ፣ ምሳ ዕቃዬን ረስቼብሃለሁ።»

ሰውየው ከኋላ ወንበር ላይ ሮዝ ምሳ ዕቃ አነሳ፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሰጣት። ጎረምሳው ስልኩን አየ፣ ልጅቷን አየ። ፎቶው ላይም ያው ሮዝ ዕቃ በእጇ አለ። ድንጋዩን ቀስ ብሎ ከእግሩ ሥር አስቀመጠው። ሰዉም ስልክ ስልኩን እያየ አንድ በአንድ ተበተነ፤ ይቅርታ ያለ የለም።

መካኒኩ ደሙን በእጅጌው ጠረገ።

«እህቴ፣ እንዲህ ብሎ የጻፈብኝ ማነው? ምን አድርጌው ነው?»

ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለች።

መካኒኩ መስኮቱን ዘግቶ፣ በተሰነጠቀው መስታወት እያጨነቆረ ሄደ።

ቤት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ እናቷ ከወንዙ ዳር ደወለች።

«ልጄ፣ ሚጡ ደህና ናት? ከደጅ እንዳታወጫት! አምስት ልጅ የሰረቀ ባለ ቆብ ሰውዬ አለ አሉ። የሱን ፎቶ ብቻ ነው የላኩልን፣ እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሻለሁ። የሰፈሩ ጎረምሶች መንገድ ዘግተዋል… ቆይ እስቲ፣ ቆብ ያደረገ አንድ መንገደኛ የያዙ መሰለኝ። ጩኸቱ እዚህ ድረስ ይሰማኛል።»

«እማዬ፣ ሩጪ! አስጥይው!»

«ምነው? ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«አላውቀውም» አለች፤ እንባዋ ቀደማት። «ላይ የዘነበው እኔ ጋ ነው።»